ጀፎረው ላይ የተዘረጋው ምሳ

እናቴ ከጎጃም መጥታ ወልቂጤ እኔ ዘንድ ስትሰነብት አንድ ነገር ልጠይቃት ፈልጌ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠየቅኳትም። ክረምት ላይ ብቻዋን ከምትኖርበት ቤት ጓሮ አዳልጧት ወድቃ፣ ጎረቤት ደርሶ እስኪያነሳት ጭቃ ላይ ተኝታ ቆይታለች። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። እኔ አልሳቅኩም። «አትሂጂ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ» ልላት ነበር፤ በቃ፣ አራት ቃል ናት።

ግን የኪራይ ቤቴ በር ሰው አያጣም። እናቴ ደግሞ ቁም ነገር ሲነሳባት ብድግ ብላ ሥራ የምትፈልግ ሴት ናት፤ ሽንኩርት ትልጣለች፣ የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች። ስለዚህ ብድግ የሚያሰኝ ነገር የሌለበት ቦታ፣ ሳር ላይ ላስቀምጣት ወሰንኩ። እኔ መምህርት ነኝ፤ ያለ እቅድ ክፍል አልገባም። ለሽርሽሩም ቁጭ ብዬ እቅድ አወጣሁ፤ የት እንደምንቀመጥ፣ ምን እንደምንበላ፣ ወሬውን ከየት እንደምጀምር።

ጊዜው ጥቅምት ነው፣ ሜዳው ሁሉ አበባ። እናቴ የጽጌን ጾም ስለምትጾም አይብና ክትፎ ከእቅዱ ወጡ፤ የቀረው ወቅቱ ያበቀለው ብቻ ነበር። ገበያ ወጥቼ ከደጋው፣ ከአረቅጥ ወገን የወረደ የባቄላ እሸት፣ ጎመን፣ ቃሪያና ነጭ ቆጮ ገዛሁ። የበቆሎ እሸት ስጠይቅ ሻጮቹ «አልፎበታል» እያሉ መለሱኝ። ገበያውን ሁለቴ ዞሬ አራት ራስ አገኘሁ፤ አንዱ ጥርስ የሚሰብር ነበር። በማግስቱ በጠዋት ተነስቼ በቆሎውን ቀቀልኩ፣ ጎመኑን በዘይት ሠራሁ።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጀፎረ ነው፤ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ ከብት የጋጠው ሰፊ የሳር መንገድ። ከሚኒባስ መስኮት ባየሁት ቁጥር «እዚህ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ነበር» እል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጉራጌ አገር ኖሬ፣ ጀፎረ የሰው ደጅ መሆኑን እቅዴ ውስጥ አላስገባሁም። ለነገሩ እኛ አገርስ ቢሆን ማን ነው የሰው ደጅ ላይ ምሳ የሚዘረጋ?

ከባጃጅ ወርደን ጋቢዬን አነጠፍኩ። እናቴ እግሯን ዘርግታ ባቄላ መፈልፈል ጀመረች፤ ፊቷ ላይ ፀሐይ አርፎባታል። አሁን ነው አልኩ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር…»

«ኧረ በሞትኩት! ምን አጠፋን?» የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት ሴት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ እኛ ትሮጣለች። «ቤት እያለ እንግዳ ሳር ላይ ይበላል?»

ሽርሽር መሆኑን አስረዳኋት፤ ለመዝናናት፣ አየር ለመቀበል። እየተናገርኩ ራሴም አፈርኩ።

«እኔ ደጅ ላይ የራሳችሁን ምግብ ስትበሉ ያየ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። ቀልድ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እናቴ ግን ቀድማ ተነስታ ጋቢውን እያራገፈች ነው። «ልክ ናት» አለችኝ። «እኔስ ብሆን መች አሳልፍ ነበር!» ተከትያት ገባሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ጎመን በቅቤ ቀረበ፣ አይብ ቀረበ። እናቴን አየኋት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጽጌ የፈቃድ ነው» አለችና ጉርሻውን ተቀበለች። የእኔን በቆሎ ቤተሰቡ ተከፋፈለው፤ ጥርስ የሚሰብረው ለእኔ ደረሰኝ። ከዚያ ጎን ያለው ቤት ቅር እንዳይለው እዚያም ተወሰድን። ሰዓቱ ይሄዳል፣ እኔ እጎርሳለሁ።

የሁለተኛው ቤት እመቤት የእናቴ እኩያ ናቸው። ልጆቻቸው ለመስቀል ከአዲስ አበባ መጥተው ቤቱን ሞልተውት እንደነበር፣ ከዚያ ሁሉም እንደሄዱ ለእናቴ አጫወቷት። ቀጥለው እኔን በአገጫቸው እያመለከቱ ጠየቋት።

«ታዲያ አንቺ ልጅሽ እዚህ እያለች ምን ልትሠሪ ትመለሻለሽ? እዚሁ አትቀመጪም?»

እናቴ ቆጮዋን ቆረሰች። «አልጠየቀችኝም» አለች፤ ቂም በሌለው ድምፅ። «ሦስት ሳምንት ጠበቅኳት።»

የያዝኩትን ቆጮ አስቀምጬ «ይኸው ጠየቅኩሽ! አትሂጂ፣ እማዬ፤ ከእኔ ጋር ኑሪ!» አልኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እመቤቲቱ መረቁን። እናቴ ለሁሉም ፈገግ እያለች እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

«አሁንማ የጠየቅሽኝ ሰው ሰምቶ ነው፣ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ዛሬስ ይህንኑ ልጠይቅሽ አይደል የመጣነው?» ልላት ነበር። ግን እመቤቲቱ እያጎረሱኝ ነበር።

ማክሰኞ መናኸሪያ ሸኘኋት። አውቶቡሱ መስኮት ሥር ቆሜ ያንኑ «አትሂጂ» ደገምኩላት፤ ረዳቱ ይጮሃል፣ ሞተሩ ተነስቷል፣ ከእኛ በቀር የሚሰማ አልነበረም። እናቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ግቢ፣ ክፍል ይረፍድብሻል» አለችኝ።