ስለ ዘር የተጠየቁት እናት

ጥናታችን የሌለ ድምፅ የሚያሰማው፣ ሰውን ከእውነት የሚያርቀው የአእምሮ ሕመም ምን ያህሉ ከዘር፣ ምን ያህሉ ከከተማ ኑሮ እንደሚመጣ የሚመረምር ነበር። የእኔ ድርሻ ቤት ለቤት እየዞሩ ቤተሰብ መጠየቅና ለዘረመል ምርመራ ምራቅ መቀበል ነው። በሥራዬ እመካለሁ፤ ትዕግሥት ግን አልፈጠረብኝም።

እንጦጦ ማርያም ጠበል እየተመላለሰ የሚጠመቅ አንድ ወጣት በጥናቱ ለመሳተፍ ፈርሞ፣ ቀበና ያለውን የእናቱን ቤት ለባልደረባዬ አመላከታት። «ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ» ብሏታል። እኔን አያውቀኝም፤ እኔም አይቼው አላውቅም።

በሳምንቱ ሄድኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ዝናብ ሳይይዘኝ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። አዳዲስ ጠያቂዎችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያልኩ የምመክር ሰውዬ፣ ከየት እንደመጣሁ እንኳ በቅጡ ሳልናገር ወረቀቴን ዘርግቼ ከመሃል ጀመርኩ።

«በዘራችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?»

እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር የለም። ለሽማግሌዎቹም ተናግረናል። አሁን ደግሞ እርስዎን ላኩ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለሴት ልጃቸው ሽማግሌ ተልኮ ኖሯል፤ እኔን ዘር ሊያጣራ የመጣ የሙሽራው ወገን አድርገውኛል። በራሴ አፈርኩ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ የነበረ ወጣት ገባና እጅ ነሣኝ።

«እኔ ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየሁ ነኝ» አለ። «ከእነሱ ጋር ዝምድና የለኝም። ምናልባት ሰው ስለ እኔ ያወራልዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ግንባሩ የእናቱ ነው፤ ዓይኑም የእናቱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዘር ስጠይቅ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ማን እንደሆነ፣ ስለ ጥናቱም ለእናቱ እንዳልነገራቸው ቢገባኝም፣ ፈርሞ የሰጠን ምስጢሩ ስለሆነ እናቱ ፊት ላነሣው አልችልም።

ከጓዳ የሚሰማው የሴት ልጃቸው ኮቴ ቆመ።

«እንዲህ በል ብዬሃለሁ?» አሉት እናትየዋ።

«አላልሽም፣ እማ።»

«ታዲያ ማን አስተማረህ?»

ወደ በሩ ሊዞር ሲል ክንዱን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይጻፉ» አሉኝ። «የበኩር ልጄ ነው። አራት ዓመት ታሟል። ለላኩዎትም ሰዎች እንዲሁ ይንገሯቸው።»

ማንም እንዳልላከኝ ገና አልነገርኳቸውም ነበር።