የአራተኛው ሲዲ እሑዶች

እኅቴ ልብስ ሰፊ ናት። ልብስ ሰፊ ስላችሁ የሙሽራ ቀሚስ እንዳታስቡ፤ የምትሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሱሪ፣ ሰማያዊ ጉርድ፣ ነጭ ሸሚዝ። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሠፈሩ በሙሉ «ሜትር» ይላታል። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ ስትቆጣኝም ሳትቆጣኝም «እትዬ» እላታለሁ። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ እሷ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ክፍሎች፣ እኔ ከጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ይዘናል። ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ቤት ውሃ ሳስቆም ውዬ የምበላው እሷ ቤት ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አላወራችሁም።

የሲዲ ማጫወቻውን ያገኘችው ግቢውን ለቆ ከሄደ ተከራይ ነው። ሰውዬው ዕቃውን ሲሸጥ እትዬ አልጋ ልታይ ገብታ ይህን ጉድ ታቅፋ ወጣች። ሻንጣ ያክላል። ቁልፉን ሲጫኑት የሻይ ትሪ የሚያህል ምላስ ያወጣል፤ ምላሱ ላይ አምስት ጉድጓድ አለ፤ አምስት ሲዲ በአንዴ ይጎርሳል።

«ሁለት ሰው ላለበት ቤት አምስት ሲዲ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ውዬ ሲዲ ለመለወጥ ልነሳ እንዴ?» አለችኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት የክር ዳንቴል አልብሳው ሙቀት አፍኖት ሊቃጠል ነበር፤ እኔ ነኝ የገፈፍኩት። የሪሞቱ ክዳን ገና ከመምጣቱ ጠፍቶ ስለነበር ባትሪውን በሱሪ ወገብ ላስቲክ አሰረችው። ከአንዱ ሲዲ ወደ ሌላው ሲዞር «ክርርር… ቋ» ይላል። ያን ድምፅ ከጀርባ ክፍሌ ሆኜ እሰማው ነበር፤ ስሰማው እናትና ልጅ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ልጅ ያልኩት ድንቢጥን ነው። ስም አላት፤ ግን ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች ድንቢጥ እንዳልናት ቀረች። አባቷ የሞተው ገና መዳህ ሳትጀምር ነው። እትዬ ብቻዋን፣ በዚያ የስፌት ማሽን፣ እዚህ አደረሰቻት። እሑድ ከምሳ በኋላ የሁለቱ ጊዜ ነበር። ድንቢጥ በምታመጣቸው ተከታታይ ፊልሞች አምስቱንም ጉድጓድ ሞልተው ይቀመጣሉ። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ አንዷ በሌለችበት ሌላዋ አታይም። አንዷ ሽንት ቤት ብትሄድ እንኳ ይቆማል። እኔ ሕጉ ስለማይመለከተኝ መሐል ገብቼ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» ስል ሁለቱም በአንድ አፍ «ዝም በል!» ይሉኛል።

የመጨረሻው ፊልም ስለ አንዲት ዳቦ ቤት ያላት መበለት ነበር። ዳቦ ቤቷ ይቃጠላል። ማን አቃጠለው? አምስት ሲዲ ሙሉ ጥያቄው ይሄ ነው። እትዬ የባሏ ወንድም ነው ትላለች፤ ዓይኑ አላማራትም። ድንቢጥ ደግሞ ራሷ መበለቲቱ ናት ትላለች። በዚህ ነገር ሥራ ቀን እንኳ ይጨቃጨቁ ነበር፤ አንዷ እየሰፋች፣ ሌላዋ ቁልፍ እየተከለች።

ከዚያ ቀያሹ መጣ። መሬት ቀያሽ ነው፤ ሥራው ካገር አገር ያዞረዋል። ድንቢጥ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፣ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ይቀራታል። ተዋደዱ፤ አብሬው እሄዳለሁ አለች። እትዬ ትምህርትሽን ጨርሺ አለች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ እኔን አሸመገለች፤ እኔም እንደ ሽምግልናዬ ማነስ ነገሩን አባባስኩት። ቅዳሜ ዕለት እትዬ ተነስታ ቆመችና «ከሄድሽ ይሄን ደጅ ደግመሽ እንዳትረግጪ» አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቃሉ እንደወጣ እኅቴ ራሷ ክው ስትል አይቻለሁ፤ ግን አልመለሰችውም።

በማግስቱ እሑድ እንደ ወትሮው ፊልማቸውን አዩ። «ክርርር… ቋ» ሲል ሰምቼ ታርቀዋል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰኞ ጧት ድንቢጥ በአንድ ቦርሳ ሄደች። ማጫወቻው ውስጥ አራተኛው ሲዲ እንደቆመ ቀረ።

አሁን ስለ ማጫወቻው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ማቆሚያውን አንዴ ከተጫናችሁት የቆመበትን ቦታ ይይዛል። ከሶኬት ቢነቀል እንኳ ሲከፈት ከዚያው ይቀጥላል። ሁለት ጊዜ ከተጫናችሁት ወይም ሲዲውን ካወጣችሁት ይረሳል፤ ሀ ብሎ ይጀምራል። እትዬ ያንን ቦታ አስቀመጠችው። ፊልሙን ብቻዋን አትጨርስም፤ ሕግ አለ። ሌላ ፊልምም አታይበትም፤ ቦታው ይጠፋል። ሪሞቱን እንኳ እኔ እንድነካው አትፈቅድም።

ግን ሰው ናት። እሑድ ከምሳ በኋላ ትከፍተዋለች። «ክርርር… ቋ»፣ አራተኛው ሲዲ። መበለቲቱ ከተቃጠለው ዳቦ ቤት በር ፊት ለፊት ቆማ ትታያለች። እትዬ ወዲያው ታቆመዋለች፤ አንዴ ብቻ፣ በጥንቃቄ። እሑድ ማለት ለእኅቴ ይሄ ሆነ። ነገር ግን ጣት ቢፈጥን ስንት ይፈጥናል? በየሳምንቱ ፊልሙ የዓይን ጥቅሻ ያህል ይሄድባት ነበር። መጀመሪያ መበለቲቱ እጇን አነሳች። በዓመቱ እጀታውን ያዘች። በሦስተኛው ዓመት በሩ ገርበብ አለ። በስድስት ዓመት አንዲት ሴት አንድ በር ከፍታ ገባች። እስቃለሁ፣ እቀልዳለሁ፤ «መቼም ዛሬ አንድ ርምጃ ሳትራመድ አትቀርም» እላታለሁ። እትዬ አትስቅም። «ትንሽ ሰረቅኩ» ትላለች፣ ልክ ከልጅ አፍ ላይ ዳቦ የነጠቀች ይመስል።

ናፍቆቷን የማላውቅ እንዳይመስላችሁ። የድንቢጥ ዕድሜ ያላት ሴት ልጅ ዩኒፎርም ለታናሿ ልታሰፋ ስትመጣ ከሌላው ደንበኛ ይልቅ ታቆያታለች፤ ወሬ ትፈጥራለች፣ የተለካውን እንደገና ትለካለች። የድንቢጥን ስልክ ቁጥር ከጓደኛዋ ተቀብላ የልኬት ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጽፋዋለች። «ደውዪላ» ስላት «እሷ ትደውል» ትለኛለች። «አትምጪ ያልሻት አንቺ፣ እንዴት ትደውል?» ስላት ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን እኔው ልደውል ብዬ ደብተሩን ባነሳ «ከደወልክ ወንድሜ አይደለህም» አለችኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ምላጩ ስድስት ዓመት ጉሮሮ ውስጥ እንደሚቆይ ግን ማንም አልነገረኝም።

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ማጫወቻው «ክርር» ብሎ «ቋ» ሳይል ቀረ። እንደገና ከፈተችው፤ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። ምላሱንም አላወጣ አለ። እትዬ ፊቷ ጠቆረ።

«ውሰደው» አለችኝ። «ግን ሲዲውን እንዳያወጣው ንገረው።»

እኔ ሞኙ ሰኞ ዕለት በአንድ ትከሻዬ ማጫወቻውን፣ በሌላው የቧንቧ ዕቃዬን ተሸክሜ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። የሆነ ቤት ውሃ አጥለቅልቆ ሰዎቹ በስልክ ይጮኹብኛል። ማጫወቻውን ባንኮኒ ላይ አስቀምጬ «አልዞር ብሏል» ብዬ በረርኩ። ዋናውን ነገር ረሳሁት።

ሐሙስ ስመለስ ጠጋኙ እጁን እያሻሸ ጠበቀኝ። ጎበዝ ሰው ነው፣ ምን ይባላል። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ላልታ ነበር፤ ቀይሯታል። ሲዲ የሚያነብበትን ዓይኑን በጥጥ አጽድቷል። «አምስቱንም ሲዲ አውጥቼ ጠርጌ፣ እያንዳንዱን አጫውቼ ሞክሬዋለሁ። አሁን አዲስ ነው» አለኝ። የእትዬ ቦታ ጠፋ ማለት ነው። ሰውዬውን ምን እላለሁ? አመሰገንኩት።

ለእትዬ መንገር ምን ቆርጦኝ። ዝም ብዬ ገጠምኩላት። ቅዳሜ ከሰዓት እሑድን መጠበቅ አቅቷት ይመስለኛል፣ ከፈተችው። «ክርርር… ቋ»፤ እንዴት ያለ ንጹሕ ድምፅ ነው። ከዚያ ሙዚቃው ጀመረ፣ የመጀመሪያው ሲዲ፣ የመጀመሪያው ክፍል፤ ዳቦ ቤቱ ገና አልተቃጠለም።

እትዬ ሪሞቱን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ነግረኸዋል?»

«ረሳሁ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እትዬ፣ አራተኛውን እናስገባና እስከ በሩ እናሳልፈው፤ ታውቂው የለ» አልኳት።

«ያ እኮ የኔ ነው» አለች። «እኔ እየሰረቅኩ የደረስኩበት ነው። አብረን ያቆምነው ከበሩ በፊት ነበር። የት እንደነበር ጠፋኝ።»

ከዚያ ተነስታ የልኬት ደብተሩን አወጣች፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፣ ደወለች። የእኅቴ ስልክ የጆሮው በኩል ስለተበላሸ በድምፅ ማጉያው ካልሆነ አይሰማም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

«ሄሎ» አለች ድንቢጥ። ድምፅዋ ወፍሯል።

እትዬ ሰላም አላለችም። «ያን የዳቦ ቤቱን ፊልም ከየት ነበር ያቆምነው?» አለች።

ከዚያ፦ «እማ?»

«አጎትሽ አበላሸብኝ። ሲዲውን አስወጣው። ከየት ነበር?»

«እማ… እስካሁን አላየሽውም?»

«ያለ አንቺ እንዴት አያለሁ?»

ድንቢጥ ስታለቅስ ሰማናት። ተረጋግታ ነው የነገረችን። በዚያ እሑድ እትዬ የትምህርት መክፈቻ ሥራ ስለተቆለለባት ሳምንቱን እንቅልፍ አልነበራትም፤ ፊልሙ መሐል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ድንቢጥ አላቆመችውም። ሰኞ እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ዳግመኛ አብረው እንደማያዩትም ታውቃለች። እናቷ አጠገቧ ተኝታ ብቻዋን እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ አራተኛውን ሲዲ መልሳ፣ እናቷ ዓይኗን ጨፍናለች ብላ ከገመተችበት ቦታ አስተካክላ አቆመችው።

«ስትነቂ ካንቺ ቦታ እንድትቀጥዪ ብዬ ነው» አለች። «እኔ ጨርሼዋለሁ እማ። ያኔውኑ።»

የእኅቴን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ወለሉን አየሁ። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ቦታ ልጇ ተሰናብታው የሄደችው ቦታ ነበር።

«ታዲያ ማነው ያቃጠለው?» አለች እትዬ በመጨረሻ።

«ልንገርሽ?»

«ንገሪኝ። የባሏ ወንድም ነው አይደል?»

«ማንም አይደለም። የመብራት ሽቦ ነው።»

አምስት ሲዲ ሙሉ ለአንድ ሽቦ! ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«ናፈቅሽኝ» አለች። በሕይወቴ ሙሉ ከእኅቴ አፍ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ባሏ ሲሞት እንኳ አላለችውም። «በጣም ነው የናፈቅሽኝ፣ ልጄ።»

«እኔም እማ። ግን አትምጪ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር። አሁን ነይ እያልኩሽ ነው።»

ከወዲያ አንዲት ቀጭን ድምፅ «እማዬ፣ ማነው?» ስትል ሰማን። እትዬ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ማናት እሷ?»

«ልጄ ናት። አራት ዓመቷ ነው። ልነግርሽ ስንት ቀን ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ።»

እትዬ አላለቀሰችም። እርሳሷን ከጆሮዋ ጀርባ አወረደችና ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ገለጠች። የሠፈሩን ልጆች ሁሉ ሠላሳ ዓመት የለካች ሴት ናት፤ ሌላ ምን ታድርግ?

«ሜትር አለሽ?» አለች።

«የባሌ መሬት መለኪያ ነው ያለው» አለች ድንቢጥ፣ በለቅሶዋ መሐል እየሳቀች።

«የልጅ ልጄን በመሬት መለኪያ? ይሁን፣ አምጪው። ከትከሻ እስከ ጉልበት።»

ብረቱ ሲንሿሿ ተሰማ። ልጅቷ ቀዝቅዟት ይሁን ኮርኩሯት ትንፈራገጣለች፣ ትስቃለች፤ እናቷ «ቁሚ፣ አያቴ በያት» ትላታለች። ደረት፣ ወገብ፣ ክንድ። ድንቢጥ እየለካች ትጠራለች፣ እትዬ ትጽፋለች። መንገዱ ጭቃ እንደሆነ፣ ሲደርቅ፣ ምናልባት በሁለት ምናልባት በሦስት ወር፣ ሦስቱም እንደሚመጡ ነገረቻት።

ከትከሻዋ በላይ ደብተሩን አየሁ። ድንቢጥ ሃምሳ አምስት ያለችውን እትዬ ሃምሳ ሰባት ብላ ጽፋለች።

«ተሳስተሻል» አልኳት በሹክሹክታ።

«አልተሳሳትኩም» አለችኝ። «እስኪመጡ ታድጋለች።»