ሲደክማት ትለቃለች

ዛሬ በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የአንዲት ሕፃን ክንድ ስለካ አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። የመለኪያው ጥብጣብ ቀዩ ላይ ደርሷል፤ ክፉኛ ተርባለች ማለት ነው። እናቷ ደንግጣ ልትመታት እጇን ስታነሳ በምልክት ከለከልኳት።

የነከሰችኝ ከድሮው ጠባሳዬ አጠገብ ነው። ልጅ ሆኜ አንዲት በቀቀን ነበረችኝ፤ አረንጓዴ፣ ግንባሯ ቀይ፣ ከጭብጥ የማትበልጥ። ከባሮ ዳር ይዘው ያመጡልኝ ጎረቤታችን፣ ዓሣ አጥማጁ አባባ ኦባንግ ናቸው። እጃቸው ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። እሳቸውንም ትነክሳቸዋለች፤ ግን ጣታቸውን አያንቀሳቅሱም።

«ክፉ አይደለችም፤ ፈርታ ነው» ይሉኝ ነበር። «እጅህን አትንጠቅ። ከነጠቅክ መንከስ ትለምዳለች። ዝም በል፤ ሲደክማት ትለቃለች።»

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ኦቾሎኒ ስሰጣት ደሜ እስኪወርድ ነከሰችኝ። ጣቴን አልለቅ ስትል እጄን በኃይል አወናጨፍኩት። ከቆርቆሮው አጥር ጋር ስትላተም የተሰማው ድምፅ ትንሽ ነበር፤ ጠጠር የተወረወረበት ያህል።

አባባ ኦባንግ ድምፁን ሰምተው መጡ። አልተቆጡኝም። ከመሬት አንስተው መዳፋቸው ላይ አስተኟት፤ የተዘረጋ ክንፏንም ቀስ አድርገው ሰበሰቡት።

«ገና አልደከማትም ነበር» አሉኝ።

ዛሬ እጄን አልነጠቅሁም። ሲደክማት ትለቃለች ብዬ ዝም አልኩ።

ወዲያው ለቀቀችኝ። ጣቴን ባየው የጥርሷ ምልክት እንኳ የለበትም።