መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ቁልፍ

የሆቴሉ ባለቤት ሠራተኞቹን እንግሊዝኛ እንዳስተምርለት ሲለምነኝ ጦርነቱ ገና ወልድያ አልደረሰም ነበር። ወደ ላሊበላ የሚያልፈው ቱሪስት እሱ ጋ እንዲያድር ነው ሐሳቡ። «አንተ ሰውዬ፣ የምን ቱሪስት? ወሬውን አትሰማም እንዴ?» አልኩት። «ነገር ሲበርድ ይመጣል፤ ያኔ እንዳናፍር» አለኝ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እሺ አልኩ።

ተማሪዎቼ ስድስት ነበሩ። ከሁሉም ጎበዟ እንግዳ ተቀባይዋ ናት፤ የመርሳ ልጅ፣ የጎሚስታ ልጅ። አባቷ መንገድ ዳር የመኪና ጎማ ይጠግናሉ። አንዴ የሰማችውን አትረሳም። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት፤ የእንግዳ ስም መጠየቅ።

እኔ እንግዳ ሆኜ በበሩ እገባለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ መታወቂያ፣ ከዚያ ቁልፍ። እሷ ግን ወንበር ትስብልኛለች፣ ውሃ ትቀዳልኛለች፣ መንገዱ እንዴት ነበር ትለኛለች። «ስሜስ?» ስላት አንገቷን ትደፋለች።

«ቲቸር፣ ሰው ሳይቀመጥ ማን ነህ ይባላል እንዴ? አባቴ ቢሰማ ይገለኛል! እሱ ጋ ጎማ የተነፈሰበት ሁሉ መጀመሪያ አረፍ ይላል፣ ውሃ ይጠጣል። ማን ልበል የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይሄ ጎሚስታ ቤት አይደለም!» ብዬ ጮህኩባት። እኔ እንደሆንኩ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው። ሌሎቹ ሳቁባት፤ እኔም ዝም አላሰኘኋቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብቻዋ እያስቆምኩ አስባልኳት፤ «ኔም ፕሊስ፣ አይዲ ፕሊስ።» መዝገቡን ገልጣ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ ዓይን ዓይን እያየች።

በሁለተኛው ሳምንት ከቆቦ በኩል ፍራሽ የጫኑ መኪኖች መምጣት ጀመሩ። እኛ አዳራሽ ውስጥ «ዌልካም፣ ዌልካም» እንላለን፤ ሰው ከነልጁ በመስኮቱ ሥር ቁልቁል ይወርዳል። አንድ ከሰዓት የከባድ መሣሪያ ድምፅ መስታወቱን አንቀጠቀጠው። ስድስቱም እኔን አዩኝ። «ነጎድጓድ ነው» አልኳቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ማንም አላመነኝም። በማግስቱ የመጡት ሦስት ናቸው።

«ቲቸር፣ አባቴ ቶሎ ነይ ብሏል» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። ሻንጣዋን ሁሉ ይዛ ነበር የመጣችው።

«ፈተናውን ሳትወስጂ? ነገ ወስደሽ ትሄጃለሽ» አልኳት። ወይ እኔ! ምን ዓይነት ድንጋይ ነበርኩ!

በማግስቱ ለፈተናው እንግዳ ሆኜ ገባሁ። ወንበር የለ፣ ውሃ የለ። ቀጥ ብላ ቆማ «ኔም ፕሊስ» አለችኝ። አጨበጨብኩላት። ፊቷ ግን አልፈካም፤ ነውር የሠራች ነው የምትመስለው። ያን ቀን መናኸሪያ ሄዳ መኪና አጣች፤ ተመልሳ ሆቴሉ አደረች።

ከተማዋ በማግስቱ ተያዘች። ስልክ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እኔም ቤቴን ቆልፌ ተቀመጥኩ። ሆቴሉ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ወጥ ሠሪዋ ናት፤ ከኩሽናው በር ኋላ ተደብቃ ስታይ ነበር። ታጣቂዎች ገቡ። ልጅቱ ባንኮኒው ጋ ነበረች። መዝገቡን ገለጠች፣ እስክሪብቶ አነሳች፣ «ኔም ፕሊስ» አለች። ወዲያው በአማርኛ ደገመችው፤ ስማቸውን፣ ቀጥላም መታወቂያ። ሰው ሲደነግጥ የሚቀድመው የተለማመደው ነገር ነው።

«ስማችንን ጽፈሽ ለማን ልትሰጪ ነው?» አላት አንዱ።

እሷንም መዝገቡንም ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አየኋት የሚል ሰው የለም።

መንገዱ እንደተከፈተ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ መርሳ ወረድኩ። መሃል መንገድ፣ ሲሪንቃ ላይ ልወርድና ልመለስ ምንም አልቀረኝም። አባቷን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ጎሚስታው ሲባል ሁሉም ያውቃቸዋል። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ በርጩማውን በእጃቸው ጠርገው አቀረቡልኝ፣ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ፣ መንገዱ እንዴት ነው አሉኝ። ውሃውን እንዳያልቅብኝ ጥቂት በጥቂት ጠጣሁት። አለቀ።

«ማን ልበል?» አሉኝ።

«ልጅዎን ወልድያ እንግሊዝኛ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እርስዎ ነዎት? ሁሌም ታነሳዎት ነበር። ያልሄድኩበት ቦታ፣ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ልጄ እኮ ሰው አታስቀይምም! ምን ብላቸው ነው የወሰዷት?»

«እኔ እንዳስተማርኳት፣ እንደገቡ ስማቸውን ጠየቀቻቸው።»

«ሳይቀመጡ?» አሉና እጄን ለቀቁት።