ሂስ ለሰብሳቢው

«አንቺ ልጅ፣ ያነበብሽው አንድ ገጽ፣ የምትናገሪው አንድ መጽሐፍ!» አሉኝ ጋሼ፣ ሰው ፊት።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሁድ እሁድ ሸማ ተራ ሲዘጋ፣ እኔ ከምሸጥበት ሱቅ በላይ ባለው የልብስ ሰፊው ክፍል የማርክሲስት ንባብ ክበብ ይመራሉ። ሳይንስ ማንን ያገለግላል፣ ባህል የየትኛው መደብ ነው፣ ፍልስፍና ዳቦ ያበላል ወይ፤ ጭቅጭቁ ይጥመኛል። እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ነጠላ ነው የምሸጠው። ስለ ነጠላ ልናገር፣ ተራ ስጡኝ ካልኩ ቆይቻለሁ። መልሱ ሁሌም «መጀመሪያ አንብቢ» ነው።

የክበቡ ደንብ ግን አንድ ቀዳዳ አለው። ውይይቱ ሲያልቅ ማንም ማንንም መሄስ ይችላል፤ ሰብሳቢውም አይቀርላቸውም።

እጄን አወጣሁ። «ሂስ አለኝ። ጋሼ፣ ለሳይንስ ማን እንደሚከፍል ጠይቁ ይላሉ። ባህልን የማን ጉልበት እንደተሸከመው ጠይቁ ይላሉ። እዚህ ሻዩን ሁልጊዜ ማን እንደሚያፈላው ግን ጠይቀው ያውቃሉ?»

ልብስ ሰፊው በሳቅ ጠረጴዛውን ደበደቡት። ላብራቶሪ ውስጥ ሲሠሩ የኖሩት የክበቡ አባል እትዬ «እሰይ! እኔም ብርጭቆ ሳጥብ ነው ያረጀሁት፣ ግኝቱ የወንዶቹ!» አሉ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሂሱን ተቀብያለሁ።»

እዚህ ላይ ተነስቶ ማፍላት ነበር። እነሱ ግን ክርክር ከፈቱ። በየተራ ማፍላት የሥራ ክፍፍሉን ይሰብረዋል ወይስ ይሸፍነዋል?

«ይሄ ጥገና ነው፣ ለውጥ አይደለም!» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ጥገናም ቢሆን ይጠገን!» አሉ እትዬ።

ድምፅ ሊሰጥ እጅ ሲወጣ የተቃጠለ ብረት ሸተተን። ቀድሜ የጣድኩት ማንቆርቆሪያ ውሃው አልቆ ግሏል።

«ይኸው፣ ቅራኔው ተባብሶ ፈነዳ» አሉ ጋሼ፤ በጨርቅ አንስተው ራሳቸው ውሃ ሞሉበት። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «በይ፣ ተራሽ ነው» አሉኝ።

ተናገርኩ። ለበዓል «የአያቶቻችን ጥለት» ብለን የምንሸጠው አረንጓዴው ጥለት የመጣው ጅምላ ሻጩ ዘንድ የዚያ ቀለም ክር ስለተረፈ ነው አልኩ። ገዢዋ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ያምርባታል። እኔም አለኝ።

«እዚህ ላይ አልስማማም!» ጋሼ ዞሩ። «ማማሩን ማን ነገረሽ?»

«ዓይኔ!»

«ዓይንሽንስ ማን አሠለጠነው?»

«እሺ፣ የእርስዎን ኮትስ ማን መረጠው?»

«እኔ!» አሉ ልብስ ሰፊው።

ሻዩ ውሃ ውሃ ይላል። ጠጣሁና ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ከጋሼ ጋር እየተሟገትኩ ደረጃውን ወረድኩ። በሩ ላይ ተሰነባብተን ወደ ቤቴ፣ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አቀናሁ።