ኳስ የምትታጠፍበት ሜዳ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቤኖኒ ከተማ ዳር ያለ አንድ የቦውልስ ክለብ አዳራሹን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ለእሑድ አምልኮ ሲያከራየን ደስ ቢለንም ልባችን አላረፈም። ከዚያ በፊት የነበርንበት አዳራሽ ባለቤት ሊያስወጣን በተዘጋጀበት ሳምንት ኬክ ይዞልን መጥቶ ነበር። ስለዚህ የክለቡ አዛውንቶች ነጭ በነጭ ለብሰው ሣሩ ላይ ኳስ እያንከባለሉ እጃቸውን ሲያውለበልቡልን፣ እኛም እጃችንን እያነሳን እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር።

መስከረም ላይ ብርዱ እንደለቀቀ፣ ከአዛውንቶቹ አንዱ አምልኮ እስክንጨርስ በር ላይ ጠበቁኝ። ስኮትላንድ ተወልደው በወጣትነታቸው ለማዕድን ሥራ የመጡ፣ ጉልበታቸው የደከመ ረጅም ሰው ናቸው። "ሳውቦና" ብለው በዙሉኛ ሰላም አሉኝ፤ ደንበኞቼ እንዳስተማሩኝ "ዬቦ" ብዬ መለስኩ። በአገራቸው ልማድ የብርዱ ወቅት ሲያልፍ ሜዳው በወግ ይከፈታል፤ የመጀመሪያዋ ኳስ ትጣላለች፣ ከዚያ ሻይ ይጠጣል። ቅዳሜ መጥታችሁ አብራችሁን ተጫወቱ አሉኝ።

ግብዣውን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነገርኳቸው። "ሣሩን አትርገጡ ሲል የከረመ ሰው ድንገት ተጫወቱበት ካለ፣ የፈለገው ነገር አለ" አሉ። ማን ይሂድ ሲባል ዕዳው እኔ ላይ ወደቀ፤ ዳቬይተን ሰፈር ባለችው ስፓዛዬ፣ በትንሿ ሱቄ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ስለምነግድ እንግሊዝኛዬ የተሻለ ነው። ባለቤቴ ሱቁን ተረከበችኝና፣ ፈርም ቢሉኝ እንዳልፈርም አስጠነቀቀችኝ።

ቅዳሜ ስደርስ ጫማህን አውልቅ አሉኝ። ሣሩ እንዳይጎዳ ነው፤ እነሱ ለሜዳው የሚሆን ጠፍጣፋ ጫማ አላቸው። በካልሲ ቆሜ፣ ጫማዬን የት እንዳስቀመጡት በዓይኔ ያዝኩ። ጨዋታው ቀላል ይመስላል፤ ሜዳው ጫፍ ወዳለችው ትንሽ ነጭ ኳስ ትልቋን ኳስ ማስጠጋት ነው። አነጣጥሬ ለቀቅኳት። ቀጥ ብላ ሄዳ ልትደርስ ስትል፣ ሰው የጠራት ይመስል ወደ ግራ ታጠፈች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። የተበላሸ እንደሰጡኝ ጠረጠርኩና ስኮትላንዳዊውን፣ በእርስዎ ኳስ ልጫወት አልኳቸው። ሰጡኝ። የእሳቸውም ታጠፈች፤ እንዲያውም ይቺኛዋ ወደ ቀኝ። ተንበርክኬ ሣሩን ዳበስኩ፤ ከሥሩ ማግኔት የቀበሩ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው አልሳቁም። ኳሷን አንስተው ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አሳዩኝ። ኳሶቹ ከመጀመሪያው ወደ አንድ ጎን እንዲያዘነብሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ምልክቷ ወዳለችበት ይታጠፋሉ። ይህን አይተህ ከዒላማው ራቅ አድርገህ ልቀቃት አሉኝ። ለቀቅኳት። ዞራ መጥታ ነጯ አጠገብ ቆመች፤ ሁሉም አጨበጨቡልኝ። ጨዋታውን መጠርጠር ተውኩ። ሰዎቹን ግን አልተውኩም።

ሻይ ላይ ነገሩ ወጣ። የክለቡ ሊቀመንበር፣ አንዲት ቀጠን ያሉ ሴት፣ አጠገቤ ተቀምጠው አባሎቻቸው ገሚሱ እየሞተ ገሚሱ ልጆቹን ተከትሎ ባሕር ማዶ እየሄደ እንዳለቀ ነገሩኝ። መሬቱ የማዘጋጃ ቤት ነው፤ ተጫዋች ከጠፋ ይወሰዳል፣ አዳራሹም አብሮ ይሄዳል። ከእናንተ ጥቂቶቻችሁ አባል ብትሆኑልን አሉ።

ይህን ስነግራቸው ሽማግሌያችን "አላልኩም?" አሉ። ቢሆንም አዳራሹን ማጣት አልፈለጉም። ብዙ ተከራክረን መጀመሪያ አምስት ሆነን ገባን። ከዚያ ወጣቶቹ ጨዋታው ጣማቸው፤ እናቶችም ተከተሉ።

በሚቀጥለው ዓመት የመክፈቻ ቀን የመጀመሪያዋን ኳስ እንድትጥል የተመረጠችው ባለቤቴ ነበረች። ሰው ሲያጨበጭብላት ስኮትላንዳዊው ክንዴን ይዘው ወደ አጥሩ ወሰዱኝ። መጀመሪያ የመጣን እሑድ፣ ጸሎታችንን በጩኸት ስናደርስ፣ ምን እንደምንዶልት ለማወቅ መስኮቱ ሥር ቆመው እንዳዳመጡን አጫወቱኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አሁን ከእኛ እናንተ ትበዛላችሁ" አሉኝ። "ክለቡን ልትወስዱት ነው?"

"በፍጹም" አልኳቸው።

ያመኑኝ አልመሰለኝም። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ይህንኑ ለሽማግሌያችን ነገርኳቸውና፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ አለ እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌያችን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ሣሩ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረበት ያወሩኝ ጀመር።