አባቴ ጣታቸውን የተጠራጠሩበት ፋሲካ

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ክብ ሆኖ የተቆረጠ የተጠበሰ ሥጋ ቀረበልኝ። በሹካ ገለጥ ሳደርገው የሥጋው ክር መሐል ላይ ድንገት ዞረ። መብላቱን ተውኩት።

በሃያ ዓመቴ ኮልፌ ውስጥ ለሆቴሎች ሥጋ በሚያዘጋጅ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ ቁርጥራጭ ማጣበቅ ነበር። ባክቴሪያ የሚያመነጨው ኢንዛይም አለ፤ ነጭ ዱቄት ሆኖ በከረጢት ይመጣል። ቁርጥራጩ ላይ እነሰንሰዋለሁ፣ በፕላስቲክ አጥብቄ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ፕሮቲንን ከፕሮቲን ያያይዝና በማግስቱ አንድ ሙሉ ሥጋ ይወጣል። ያኔ ግጥም እሞካክር ነበር፤ ሁለት ስንኝ እንኳ እንደዚያ ገጥሞልኝ አያውቅም። አለቃችን ግን ሁልጊዜ ያስጠነቅቀን ነበር፦ ከላይ ያለው ጀርም መሐል ስለሚገባ፣ በደንብ ሳይበስል አይበላም።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ቆራጭ ነበሩ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ከወሰደው ወዲህ የቀራቸው ጣታቸው ነበር። ጎረቤት ለበዓል የገዛውን ሥጋ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ዳሰስ አድርገው ከየትኛው ብልት እንደሆነ ይነግሩት ነበር። እኔም እንደሳቸው ቆራጭ ሆኛለሁ ብያቸው ነበር።

ለፋሲካ ከሥራ ቦታ የተሰጠኝን ሥጋ ይዤ ገባሁ። ውጪው የበልግ ጭቃ፣ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል።

"እስቲ የልጄን ሥራ ልየው" አሉ። ጣታቸው ሄደ፣ መሐል ላይ ቆመ፣ ተመለሰ።

"ሁለት ነው እንዴ ይሄ?"

"አንድ ነው አባባ። ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።"

"እዚህ ጋ ክሩ የዞረ መሰለኝ እኮ።" ሳቅ አሉ። "በቃ፣ ጣቴም እንደ ዓይኔ ሊከዳኝ ነው።"

"ኧረ እርስዎ ሰውዬ፣ ሲመረምሩት ሊመሽ ነው!" አለች እናቴ።

ከጫፉ ቆርጠው፣ አዋዜ አስነክተው ወደ አፋቸው ሲያደርሱት እጃቸውን ያዝኩ።

"ሐኪሙ ጥሬ አይብሉ ብሎዎት የለም እንዴ?"

"ለዛሬ እንኳ?" አሉ። ግን መለሱት። እናቴ ጠበሰችው።

ከዚያ በኋላ ሥጋ ይዞ የመጣውን ጎረቤት "ሌላ ሰው ጠይቅ፣ እኔ አርጅቻለሁ" ብለው መለሱት። ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። "አንተ ትሻላለህ" አሉኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል፣ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

"ችግር አለ?" አለኝ አስተናጋጁ፣ ያልነካሁትን ሳህን አይቶ።

ዓይኔን ጨፍኜ ሥጋውን በጣቴ ዳሰስኩት። ደግሜ ዳሰስኩት። መጋጠሚያውን አላገኘሁትም። አባቴ ግን አግኝተውት ነበር።